ቅሬታ የለም

«አይናለምን አታዪም? አሥራ አራት ቀበሌ አንብባ አንድ ሰው ቅሬታ ይዞ እዚህ ደጅ አልቆመም። አንቺ ገና በመጀመሪያ ቀበሌሽ፣ ያውም ሳትጨርሺው፣ አሥራ ዘጠኝ ሰው አሰለፍሽብን!»

የአቶ መንግሥቴ ድምፅ ነው። የኃላፊው ቢሮ በር መቀርቀሪያው ከተበላሸ ወዲህ ገርበብ እንዳለ ስለሚውል፣ እዚያ ውስጥ የሚነገር ቁጣም ሆነ ምስጋና ኮሪደሩን ሳያዳርስ አይቀርም። አይናለም ሁለት የመዝገብ ጥራዞች በክንዷ አቅፋ ወደ ክፍሏ ስታልፍ ስሟን ሰማችና እግሯ ተያዘ። ስሙ በበጎ ሲነሣ የሰማ ሰው ፊቱ ይፈካል፤ የእሷ ግን እስከ ጆሮ ግንዷ ጋለ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዓመት ፈቃድ ማስታወቂያ የምታነብ መስላ ቆመች። ከውስጥ የምትወቀሰው አዲሷ የሙከራ ሠራተኛ ደብረወርቅ ናት። ልጅቱ ሲቆጧት ዓይኗን የጫማዋ አፍንጫ ላይ ተክላ እንደምትቆም አይናለም በአራት ወር ውስጥ አውቃለች።

ወረታ ላይ ያለው ይህ ጽሕፈት ቤት የገጠር መሬት ይመዘግባል። የአንድ ቀበሌ ማሳ ተለክቶ መዝገብ ላይ ከሰፈረ በኋላ፣ ለገበሬው ደብተር ከመታደሉ በፊት አንድ ሥራ ይቀራል፤ መዝገቡን ለሕዝብ ማንበብ። በሬ በማይጠመድበት የበዓል ቀን ሰዉ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ካለ ዋርካ ሥር ይሰበሰባል፤ ከቢሮ የመጣው ሠራተኛ ማሳውን አንድ በአንድ፣ ቁጥሩን፣ የባለይዞታውን ስም፣ በአራቱም ማዕዘን የሚያዋስኑትን ይጠራል። ስሜ ቀረ፣ ድንበሬ ተገፋ የሚል ካለ እዚያው ወይም በሠላሳ ቀን ውስጥ ይናገራል። ከሌለ አንባቢው ከቃለ ጉባኤው ግርጌ «ተነቧል፤ ቅሬታ የለም» ብሎ ይፈርማል፤ ሽማግሌዎቹ አውራ ጣታቸውን ያሳርፉበታል። ከዚያ ወዲያ ያን መዝገብ የሚነቀንቀው ፍርድ ቤት ብቻ ነው፤ ፍርድ ቤት ደግሞ እግርም ዕድሜም ይፈልጋል።

የደብረወርቅ ጥፋት መዘግየቷ ነበር። ባለፈው እሑድ ከይፋግ ወዲህ ባለ አንድ የርብ ወንዝ ዳር ቀበሌ ስታነብ፣ እያንዳንዱን ማሳ ከጠራች በኋላ ቀና ትልና «ሰምተዋል?» ትላለች። ባለቤቱ «ሰምቻለሁ» እስኪል ወደሚቀጥለው አታልፍም። የሌለ ካለ ሰው ትልክበታለች። እንዲህ ስትል ፀሐይ ዘቀዘቀች፤ መዝገቡ ግማሽ አልደረሰም፤ የሰማው ሁሉ ደግሞ የሚለው አላጣም።

አቶ መንግሥቴ ልጅቱን ለመሸኘት በሩን ሲከፍቱ አይናለምን አገኟት። «ጥሩ መጣሽ» አሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ዞኑ የወሩን ሪፖርት በየቀኑ እየደወለ ይጠይቃቸዋል። «ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ማሳ የሚውል ሰው የለም። ስምንት ሰዓት ላይ ሂጅና ቀሪውን አንቺው አንብቢልኝ። እሷ አጠገብሽ ትቀመጥና ትማር። ይኸውልሽ ይሄም።» አንድ ወረቀት አቀበሏት። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው፤ የደብረወርቅ ስም ከላይ፣ «የቡድን መሪ ፊርማ» የሚል ባዶ ቦታ ከታች። «ማታ ሳልወጣ ጠረጴዛዬ ላይ ላግኘው።»

በሙከራ ጊዜ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ስንብት ማለት እንደሆነ የማያውቅ የቢሮ ሰው የለም። የቀራት ሁለት ወር ሲያልቅ «አላሟላችም» ተብላ ወደ ሐሙሲት ወደ እናቷ ትመለሳለች ማለት ነው። አይናለም ወረቀቱን በመዝገቡ መካከል ሸጎጠችው።

ልጅቱ ኮሪደሩ ጥግ ቆማ ትጠብቃታለች።

«ተቆጡሽ?» አለቻት አይናለም።

«ኧረ ምን ይቆጣሉ! አንቺን ሲያመሰግኑ ነው የቆዩት» አለች ደብረወርቅ። ተንኮል አልነበረበትም፤ ለመሣቅም ሞከረች። «እት አይናለም፣ ግን እንዴት ነው ያደረግሽው? እውነቴን ነው። አሥራ አራት ቀበሌ ሙሉ አንድም ሰው ሳይከፋ! አስተምሪኝ እስቲ።»

«ልምድ ነው» አለች አይናለም፤ ክፍሏ ገብታም በሩን ዘጋች።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ቁልፉ የሚሠራ ቁም ሣጥን፣ የድሮ አለቃ ትተውት የሄዱ የፕላስቲክ አበባ፣ ወደ ሩዝ መፈልፈያዎቹ የሚያይ መስኮት። ከመስኮቱ ማዶ የወፍጮው ድምፅ ከጠዋት እስከ ማታ አይቋረጥም፤ የሩዝ ገለባ ብናኝ ጠረጴዛዋ ላይ ይተኛል። ከስድስት ዓመት በፊት መዝገብ ቤት ፋይል አውራጅ ሆና ስትቀጠር የምትቀመጠው መሰላሉ ላይ ነበር፤ ወንበር የሚሰጣት ሰው አልነበረም። ከሦስት ወር በፊት ቡድን መሪ ስትሆን ጓደኞቿ ዳቦና ለስላሳ ገዝተው አጨበጨቡላት። የሹመት ደብዳቤዋ ላይ «ቅሬታ የሌለበት የሥራ አፈጻጸም» የሚል ሐረግ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን መስታወት አስገብቶ ይሰቅለው ነበር። እሷ መሳቢያዋ ውስጥ በፊቱ ደፍታ አስቀምጣዋለች።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ለምሳ ወደ ቤቷ ሄደች። ከአስፓልቱ ጀርባ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ከአራት ተከራዮች ጋር የምትጋራው አንድ ክፍል ነው፤ ሦስት ሺህ ብር ይከፈልበታል፤ ባለቤቲቱ ከጥር ጀምሮ አምስት መቶ ልትጨምር እንዳሰበች ባለፈው ሳምንት በልጇ በኩል አሰምታለች። እቴቴ ይርገዱ ደጃፉ ላይ፣ ፀሐይዋ ካለችበት፣ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ሩዝ ይለቅማሉ። የእናቷ ታናሽ እህት ናቸው። ለሳምንት ብለው መጥተው አራት ዓመት ሆናቸው። ከሚካኤል ተመልሰው ነጠላቸውን ገና አላወለቁም።

«መጣሽ? ጠበሉን ቅመሺ፣ ብርጭቆው ውስጥ ነው» አሉ። «ይሄን ሩዝ ከገበያ አመጣሁት። ኪሎው መቶ ብር ገባ፣ አትይኝም! ከርብ ዳር የመጣ ነው። የወንዝ ዳር ሩዝ በሽታው አይጠፋኝም።» አንድ ፍሬ በጥርሳቸው ሰበሩና አጣጣሙት።

«ገበያው እንዴት ነበር?» አለች አይናለም።

«ምን አልሽኝ?»

«ገበያው!» ብላ ጮኸች።

«እህ፣ ገበያው። ደህና ነው። ይሄ ጆሮ እኮ!» አሉና በሰፌዱ ጠርዝ ጆሮ ግንዳቸውን ነካ አደረጉ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አሉ፤ የእኔስ ጭራሽ ከዳኝ።»

ግቢው ውስጥ የቧንቧ ውሃ ከሦስት ቀን አንዴ ነው የሚመጣው፤ መቼ እንደሚመጣም አይታወቅም። ቱቦው ገና ፍስስ ሲል ከሁሉ ተከራይ ቀድመው የሚሰሙት እቴቴ ይርገዱ ናቸው። በር ሳይንኳኳ የእንግዳውን ኮቴ ይለያሉ። ሰው ሲያናግራቸው ግን የሰሙትንም ያስደግማሉ፤ አንዴ የከዳ ጆሮ አይታመንም ይላሉ። በሁለተኛው ዓመት የጣራ ገዳም ጠበል ለጆሮ ፍቱን ነው ሲባል ሰምተው ሄደው ነበር፤ ሰባት ቀን ተጠምቀው ተመለሱ። ያደረሰቻቸው አይናለም ናት፤ ከአውቶቡሱ ደግፋ አውርዳ፣ ዳገቱን ጃሪካን ተሸክማላቸው ወጥታ፣ ከጠበልተኛው መካከል አስቀምጣቸው ወርዳለች። ጎረቤት «እንደዚህ ያለች የእህት ልጅ ለሁሉም ይስጥ» ሲል ሰምታ አንገቷን ደፍታለች፤ ትሕትና መሰላቸው።

ያ ጆሮ የታመመበትን ቀን አይናለም ታውቀዋለች። ሐምሌ ሥላሴ ነበር፤ የዛሬ ስድስት ዓመት። ከተቀጠረች ሦስት ወር ሳይሞላት አንባቢ ጎደለና ወደ እቴቴ ቀበሌ ላኳት። ሰማዩ እንደተቀደደ ይዘንባል። ሰዉ በላስቲክና በአጎዛ ሥር ተጠጋግቶ ቆሟል፤ እሷ አምስት መቶ ዓይን አይቷት ስለማያውቅ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፤ መዝገቡ ረጥቧል። ቶሎ ቶሎ አነበበች። ስትጨርስ «ቅሬታ ያለው?» አለች፤ ሰዉም ዝናቡን ሸሽቶ ስለነበር ማንም አልመለሰም። ፈረመች። እቴቴ ይርገዱ ከኋላ መጥተው ሳሟትና «የእኔን አነበብሽው? አልሰማሁም» አሏት። «አንብቤዋለሁ፣ እቴቴ» አለች፤ ያን ጊዜ እውነት መስሏት ነው። መኪና ውስጥ ገብታ መዝገቡን በሻርፗ ስታደርቅ ሁለት ገጾች በእርጥበት ተጣብቀው አገኘች። ስታላቅቃቸው አሥራ ሁለት ማሳ ያለበት፣ ያልተነበበ ገጽ ወጣ። በመካከሉ የእቴቴ ሦስት ቃዳ፣ ሄክታር የማይሞላ የርብ ዳር ማሳ አለ። ባለይዞታው ግን ባየህ ደሳለው ይላል፤ የሟች ባላቸው ወንድም። ለኪዎቹ ማሳው ላይ ቆመው «ማን ነው የሚያርሰው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ለእቴቴ ምርቱን በእኩል እየተካፈለ የሚያርስላቸው ባየህ ስለነበር ስሙ ገባ።

መኪናው ገና ከቀበሌው አልወጣም ነበር። «አቁሙ» የሚለው ቃል አፏ ድረስ መጣ። ያን ሁሉ ሰው በዝናብ መልሶ ሰብስቦ «ገጽ ዘልያለሁ» ማለት ታያት፤ የሽማግሌዎቹ አውራ ጣት ገና ከቀለሙ አልደረቀም፤ እሷ የሙከራ ጊዜ ላይ ናት። አፈረች። ነገ እናገራለሁ አለች። ነገ ሰኞ ሆነ፣ ሰኞ ሐሙስ ሆነ፤ ሠላሳው ቀን እንደ ክረምት ውሃ ሄደ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእሷ ዝምታ ግን ነቀዘ፤ ከውስጥ ተበላ እንጂ ከላይ ጤነኛ ፍሬ ይመስላል።

ደብተሩ ሲታደል ባየህ በስሙ ያለውን ተቀበለና «መንግሥት የሰጠኝን» ብሎ ያዘው። እቴቴ ይርገዱ ወደ ቀበሌ ኮሚቴ ሄዱ። ኮሚቴው ቃለ ጉባኤውን አውጥቶ «ተነቧል፤ ቅሬታ የለም» የሚለውን አሳያቸው፤ ማንበብ ስለማይችሉም ማን እንደፈረመበት ነገራቸው። እቴቴ ወረቀቱን በጣታቸው ነክተው «አይናለም ከፈረመችበትማ ተነቧል፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ» ብለው ተመለሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆሯቸውን ከሰሱ፤ የሚያርሱት ሲያጡም ወደ አይናለም መጡ።

«አልበላሽም እኮ» አሉ እቴቴ። የሚለቅሙት ጠጠር በሰፌዱ ጥግ ተከምሯል።

«ሥራ አለብኝ። ከሰዓት ቀበሌ አነባለሁ።»

«ምን አልሽ?»

ጮኻ ደገመችው። የእቴቴ ፊት በራ። «እሰይ! ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፤ እንደኔ ያለ ደንቆሮ አይጠፋም» ብለው ሣቁ። እሷ ተነሥታ ወጣች።

ስምንት ሰዓት ላይ ከደብረወርቅ ጋር በባጃጅ ሄዱ። ሜዳው ግማሹ ታጭዷል፤ ግማሹ ወርቃማ ሆኖ ጎንበስ ብሏል፤ በዓል ስለሆነ ማጭድ የያዘ ሰው አይታይም። ደብረወርቅ መዝገቡን በፌስታል ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቅፋዋለች። መንገዱን ሙሉ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ስም ሲመሳሰል ምን ይደረጋል፣ እናቷን ልትጠይቅ ሄዳ መንገድ ተዘግቶ ከሐሙሲት መምጣት ያቃታት ቀን ሥራዋን ማን ይይዝላታል። አይናለም በአጭር በአጭሩ ትመልሳለች። ደብዳቤው በቦርሳዋ ውስጥ ነው።

ዋርካው ሥር ሰዉ ነጭ በነጭ ሆኖ ተቀምጧል፤ ጠላ የቀመሱም አሉ። አይናለም ቆመች፤ ያን የታወቀ፣ የማይወላከፍ ድምፅዋን አወጣች። «መለያ ቁጥር ዘጠና አንድ፤ ባለይዞታ ዘመነ አሸናፊ፤ በምሥራቅ መንገድ፣ በምዕራብ…» ገጽ ስትገልጥ ወረቀቱን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ፈተግ ታደርገዋለች፤ ባልደረቦቿ ጥንቃቄ ይሉታል። ከሐምሌ ሥላሴ ወዲህ አንድም ገጽ ሳትፈትግ አልፋ አታውቅም። ሌላም ልማድ አላት፤ ቀና አትልም። ቀና ካለች ከኋላ የቆመች አንዲት ሴት የምታይ ይመስላታል።

ወደ ሃያ ማሳ ያህል ሄዳ ሳለ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከፊት ረድፍ ዱላቸውን ወደ ላይ አነሡ።

«አንቺ ልጅ፣ መሬታችንን እየነገርሽን ነው ወይስ ዳዊት እየደገምሽልን?»

ሰዉ በሣቅ ፈነዳ። «ኧረ ተዉአት፣ አባ እንግዳው!» አለች አንዲት ሴት፣ እሷም እየሣቀች።

«ምን እተዋለሁ! ያች የእሑዷ ልጅ ትጠይቀን ነበር። ሰምተዋል ትለናለች። ሰው ናችሁ ብላ ነው እንጂ ምን ቸገራት? ይችኛዋ ለወረቀቱ ነው የምታነበው።»

አይናለም ቀና አለች። በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሰዎች ናቸው። ጆሯቸውን ያቀኑ፣ አፋቸውን የከፈቱ፣ ልጅ ያቀፉ፤ ስማቸው አልፎ ይሁን ገና ይሁን የማያውቁ። ከኋላ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ነጠላዋን አፏ ላይ የያዘች አንዲት ሴት ወደፊት ለመምጣት እየፈራች ትቁነጠነጣለች። አይናለም መዝገቡን ለደብረወርቅ ዘረጋችላት።

«አንቺ አንብቢ።»

ደብረወርቅ አልተቀበለችም። «አቶ መንግሥቴ እኮ…»

«እንደ ልማድሽ አንብቢ። ካነበብኩት ጀምረሽ፤ ከዘጠና አንድ። እኔ ገጹን እይዝልሻለሁ።»

እንዲህ ሆነ። ልጅቱ በቀጭን ድምፅዋ ታነባለች፤ «ሰምተዋል?» ትላለች፤ አይናለም አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ገጾቹን ታላቅቃለች፣ «ሰምቻለሁ» ያለውን በእርሳስ ታመለክታለች፣ የሌለውን ታስጠራለች፣ ልጅቱ ሲደክማት የፕላስቲክ ውሃዋን ከፍታ ታቀብላለች። መቶ አሥራ ሰባት ላይ ሲደርሱ ያች አጥር ሥር የቆመች ሴት ጮኸች፤ ማሳዋ በሌላ ሰው፣ በመንግሥቱ ዓለም ስም ተጠራ። «እሱ አራሼ ነው እንጂ ባለቤቷ እኔ ነኝ! የባሌ ነበረች!» አለች፣ ራሷ በድምፅዋ ደንግጣ። ሰዉ ዞር ዞር አለ። ስሙ የተጠራው ሰውዬም ተነሥቶ ኮፍያውን አወለቀ። «እውነቷን ነው። እኔ የእኩል አራሽ ነኝ። እንዴት እንደገባሁ እንጃ፤ ሚካኤል ምስክሬ ነው» አለ። ደብረወርቅ ጻፈችው፤ ሁለቱ ጣታቸውን አሳረፉ። ነገሩ በዚህ አለቀ። ሴትዮዋ ወደ ቦታዋ ስትመለስ ጎረቤቷ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት፤ ሣቁ። አይናለም ሰዓቷን አየች፤ ያ ሁሉ የወሰደው አራት ደቂቃ ነው። አራት ደቂቃ። እርሳሱ በእጇ ውስጥ ሲሰበር ልጅቱ ዞር ብላ አየቻት።

የቀረውን ለእሑድ ቀጥረው በባጃጁ ሲመለሱ ደብረወርቅ ተጨንቃለች። «ሰባት ተጨመረ። ሃያ ስድስት ሆነ እኮ፣ እት አይናለም። አበላሸሁሽ።»

«አላበላሸሽኝም።» ከዚያ፣ ወደ ሜዳው እያየች፣ የሞተሩ ድምፅ እንዲሸፍናት ሳትፈልግ እንደሚሸፍናት ግን እያሰበች፣ ነገረቻት፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገጹ፣ ስለ እቴቴ። ወረታ መግቢያ ላይ ደብረወርቅ የአይናለምን ቦርሳ ከጭኗ ላይ ወስዳ እሷው ያዘችላት።

አቶ መንግሥቴ ጃኬታቸውን ለብሰው እየጠበቁ ነበር። አይናለም የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ እንዳለ፣ ሳትፈርምበት፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከጎኑ ክፍሏ ውስጥ ቆማ በእጇ የጻፈቻቸውን ሁለት ወረቀቶች አኖረች። በአንዱ ላይ ከዛሬ ጀምሮ ቡድኗ በሁሉም ቀበሌ ባለቤቱን እየጠየቀ እንደሚያነብና ይህንንም ያስጀመረችው ደብረወርቅ እንደሆነች ይላል። ሁለተኛውን፣ ስለ ሐምሌ ሥላሴው ገጽ የሚናገረውን፣ አቶ መንግሥቴ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«አንቺ ጤነኛ ነሽ?» አሉ ቀስ ብለው። «ስድስት ዓመት ያለፈውን! ይሄ ወረቀት እኮ ከዚህ ክፍል ከወጣ ቡድን መሪነቱም ይቀራል፤ ምናልባት ሥራውም። ነገር የሚያነሣብሽ ሰው ሳይኖር?»

«የሚያነሣብኝ ሰው ቤቴ ነው የሚኖረው» አለች።

አቶ መንግሥቴ በመስኮቱ ወደ ወፍጮው አዩ። «ውሰጅው። እደሪበት» አሉ።

«አድሬበታለሁ» አለች፤ ወረቀቱን እዚያው ትታ ወጣች።

መዝገብ ቤት ወረደች። መሰላሉ ያው ነው። ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከግራ አምስተኛው ጥራዝ፤ ዓይኗን ጨፍና ታገኘዋለች። ገጹ አሁንም በጠርዙ የዝናብ እድፍ አለበት። ቅጂውን አስነሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ቤቷ ስትደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው፤ የደጃፉ ፀሐይ ወደ አጥሩ ጫፍ ወጥታለች። እቴቴ ይርገዱ ከተቀመጡበት አልተነሡም፤ ሌላ ሰፌድ ጀምረዋል። አይናለም ጫማዋን አውልቃ ፊት ለፊታቸው፣ መሬት ላይ ተቀመጠች። መናገር ስትጀምር በልማዷ ጮኸች፤ ግቢው ሁሉ ይሰማል። ስለ ሐምሌ ሥላሴ ተናገረች። መኪናው ውስጥ ስላገኘችው ገጽ፣ በባየህ ስም ስለተጻፈው፣ «አቁሙ» ሳትል ስለቀረችው። የእቴቴ ጣት አንዲት ጠጠር እንደያዘ ቆመ። ከጎረቤት ቤት የሬዲዮ ድምፅ ተቀነሰ።

አይናለም ስድብ ቢመጣ ትቀበለው ነበር፤ ለቅሶም ቢሆን። ያች ጠጠር በጣታቸው መካከል ተሽከረከረች።

«ስለዚህ ጆሮዬ ደህና ነበረ» አሉ በመጨረሻ።

«ደህና ነበረ፣ እቴቴ።»

«ጣራ ገዳም ድረስ ወስደሽኝ…» አሉና አልጨረሱትም። «ጃሪካኑን ተሸክመሽ።»

አይናለም ከቦርሳዋ ወረቀቱን አወጣች። «መለያ ቁጥር አርባ ሦስት!» ብላ ጮኸች።

«አትጩኺ» አሉ እቴቴ ይርገዱ። «እሰማለሁ።»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መለያ ቁጥር አርባ ሦስት። ባለይዞታ ባየህ ደሳለው። ስፋት ሦስት ቃዳ። በምሥራቅ ርብ ወንዝ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን የቤተ ክርስቲያን መሬት፣ በደቡብ ውባንቺ ያየህ።» ቀና አለች። «ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ።»

የቀረው አንድ ጥያቄ ነው። በአሥራ አራት ቀበሌ፣ ቀና ሳትል፣ መልስ ሳትጠብቅ ያለፈችው። አሁን የአክስቷን ፊት እያየች ጠየቀችው።

«ቅሬታ ያለው?»

እቴቴ ይርገዱ ሰፌዱን ከጭናቸው አንሥተው መሬት ላይ አስቀመጡ። የሩዙን ብናኝ ከቀሚሳቸው አራገፉ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በሰው ፊት እንደሚናገር ሰው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡና ቆሙ።

«አለኝ» አሉ።